አረፋው ሦስት ጊዜ ጠፋ

እኔ ጀምበሬ ቂል ነኝ። ኋላ እናንተ ከምትሉኝ እኔው ቀድሜ ልበለውና ይውጣልኝ። ትንሽ እንኳ ማስተዋል ቢኖረኝ ሩባ ዛሬ የእኔ ነበረች።

ካርቱም ውስጥ የዓሣ ገንዳ እጠግናለሁ። ይሄን ስነግራት እናቴ ሬሕማ በስልክ ሳቀችብኝ፤ "ዓሣ ይበላል እንጂ ቤት ሠርተው ያኖሩታል እንዴ?" አለች። ከወሎ ተነስቼ በመተማ ስሻገር ሐሳቤ ሊቢያ ነበር። መንገዱ እስኪገኝ ብዬ ኢሃብ የሚባል ሱዳናዊ ሱቅ ውስጥ መስታወት ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። መንገዱም አልተገኘ፣ እኔም ሥራውን ወደድኩት፣ አራት ዓመት አለፈ። ኢሃብ ዓሣና ገንዳ ይሸጣል፤ እኔ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ አጸዳለሁ፣ የተበላሸውን አስተካክላለሁ።

ከማጸዳቸው ሁሉ የምወዳት አርካዊት የሚባል ሰፈር ያለችው የሓጅ ኢዝዲን ገንዳ ናት። ሓጅ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ፖርት ሱዳን ነውና ባሕሩ ከዓይናቸው አልጠፋም፤ ሳሎናቸው ውስጥ ትንሽ ባሕር አስቀመጡ። ከትልቅ ሻንጣ አትበልጥም። ውሃዋ ጨዋማ ነው፣ ውስጧ ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው ኮራል አለ፣ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ይመላለሱበታል። ከኋላዋ ስኪመር የምንለው ቱቦ ቆሟል። ስኪመሩ ደቃቅ አረፋ እየነፋ የውሃውን ቆሻሻ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቆሻሻው አናቱ ላይ ባለች ኩባያ ይጠራቀማል፤ እኔ በየሳምንቱ ማክሰኞ እደፋዋለሁ። ጣጣው ማስተካከሉ ላይ ነው። ቁልፉን በጥቂቱ ስታዞረው ውሃው ከፍ ይልና አረፋው ይበዛል፣ መልሰህ ስታዞረው ዝቅ ይልና አረፋው ይደርቃል። ደግሞ ቅባት ጠላቱ ነው። ቅባት የነካው እጅ ውሃው ውስጥ ከገባ አረፋው ወዲያው ይጠፋል፣ ቅባቱ ተጠርጎ እስኪያልቅም አይመለስም።

ከሩባ ጋር ያገናኘኝ ይኸው ነገር ነው። የዛሬ ዓመት ሓጅ ኢዝዲን "መሣሪያህ ሞተ" ብለው ለኢሃብ ደወሉ፣ ሄድኩ። ገንዳው አጠገብ ሴት ልጃቸው እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ቆማለች።

"እጅሽን አሳዪኝ" አልኳት በዓረብኛ።

ዘረጋችልኝ። ክሬም ተቀብታ ያብለጨልጫል።

"ትንሽ ነው የነካሁት። ዓሣው ቆንጆ ሆነብኝ" አለች። በአማርኛ!

ክው አልኩ። "አማርኛ ከየት አመጣሽ?"

"ከኡሚ፣ ከእናቴ። ኡሚ ሐበሻ ናት። የእኔ ግን የተሰበረ ነው።"

የተሰበረ አማርኛ እንዲያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። እያየችኝ ሳቀች፣ ዓይኔን ወደ ቱቦው መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ የምኖርላት ቀን ሆነች። እሷ ራሷ የገንዳው ዘበኛ ሆነች፤ እንግዳ ወደ ውሃው ከተጠጋ "እጅ የለም! ጀምበሬ ይቆጣል!" ትላለች። ፊደል አስተማርኳት። በወር ተኩል ጨረሰችውና ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ከገንዳው ሥር ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ የጨው ባልዲ አለ፤ ከክዳኑ ሥር አጣጥፋ ታስቀምጥልኛለች፣ እኔም የእኔን በቦታው እተካለሁ። ጨው ጨው የሚል ወረቀት ይዤ የማድርበት ጀሪፍ ሰፈር እስክደርስ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ አራቴ አነበው ነበር።

እናቷን እትዬ ሸዋአለምን ግን እፈራቸዋለሁ። ከጎንደር በአሥራ ሰባት ዓመታቸው መጥተው የሰው ቤት ወለል ሲወለውሉ ኖረው ነው ሓጅ ኢዝዲንን ያገቡት። ሓጅ ባዩኝ ቁጥር "አህለን ያ ጀምበሬ!" ይሉኛል። እትዬ ግን የአገሬ ሰው ሆነው በአማርኛ ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኛል፣ ያኔ ጫማዬ ምን ያህል እንዳለቀ ትዝ ይለኛል።

የመጨረሻው ደብዳቤዋ እስከዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው።

"ጀምበሬ። የኡበይ ሰዎች ከኦምዱርማን ሊጠይቁኝ መጡ። ኡበይ የአቡይ፣ የአባቴ፣ የአክስት ልጅ ነው፣ ዶሃ ይሠራል። መጥፎ ሰው አይደለም። እኔ ግን አልፈልግም። አንተ ና። ሽማግሌ ይዘህ ና። አቡይ ልቡ ጥሩ ነው። ኡሚ ትጮሃለች፣ ከዚያ ይደክማታል። አንተ ካለህ እኔም እጮሃለሁ። ብቻዬን አልችልም።"

ወንድ የሆነ ወንድ ይሄን አንብቦ በዚያው ቀን ያገኘውን ሽማግሌ ለምኖ በሩን ያንኳኳ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ፈራሁ። ጀሪፍ አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን ነው የምናድረው። ኢቃማ የለኝም፤ ፖሊስ መንገድ ላይ የመኖሪያ ወረቀት ሲጠይቅ አጥር ዘልዬ የማመልጥ ሰው ነኝ። ምን ብዬ ነው የዚያን ሰው ልጅ የምጠይቀው? "የእኔ ዓለም፣ ትንሽ ታገሺኝ። ኢቃማዬን ላውጣና ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። እስከዚያ በማንኛውም ሰዓት ጥሪኝ፣ እየሮጥኩ እመጣለሁ" ብዬ ጻፍኩና ክዳኑ ሥር አኖርኩ። ጥሪኝ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ልብ በሉልኝ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ስሄድ ሩባ የለችም። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ባልዲውም የለም። የጓሮው በረንዳ ላይ ተወርውሮ አገኘሁት፣ ክዳኑ ሥር ምንም የለም። ስልኳ ዝግ ነው። "ታገሺኝ ስላልኳት ጠላችኝ፣ ባልዲውንም የጣለችው እሷ ናት" አልኩ በልቤ። ሆድ ባሰኝ። ኩባያዋን ደፍቼ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሓጅ ኢዝዲን ደወሉ። አረፋው ጠፍቷል። ሄጄ አየሁት፤ ቱቦው ውስጥ ውሃው ያለ አረፋ ዝም ብሎ ይንቦጫረቃል፣ ኩባያዋ ደርቃለች። ቤቱ በማላውቃቸው ሴቶች ተሞልቷል፤ ከኋላ ክፍል የእንጨት ጭስ ይሸታል። ዓይኔ ግን ሩባን ነበር የሚፈልገው። አንዴ ብቅ ብትል ምን አለበት? አልወጣችም። ተናድጄ ቁልፉን ከመጠን በላይ አዞርኩት፣ ውሃውን ከፍ አደረግሁና ሄድኩ። ቅዳሜ አረፋው ሲመለስ ገንፍሎ ምንጣፋቸውን አበላሸ። ኢሃብ ጮኸብኝ፤ "የታመመ መሣሪያ አይነካም! ለምን ታመመ ብለህ መጀመሪያ ጠይቅ!" አለኝ። እውነቱን ነበር። ቁልፉን ዝቅ አደረግሁት እንጂ አልጠየቅሁም።

ሰኞ አረፋው እንደገና ጠፋ። የአየር ቱቦውን ጨው ደፍኖት ይሆናል ብዬ ፈትቼ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። የማክሰኞውን ጽዳትም በዚያው ጨረስኩ፤ ያን ቀንም አላየኋትም።

ረቡዕ ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩኝ። ያን ቀን ነው የውሃው ገጽ ላይ ቢጫ ቅባት ያየሁት። በፎጣዬ ጠረግሁት፣ ደሜ ፈላ። የእንግዶቹ ልጆች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ንዴቱ የቅባቱ አልነበረም፤ ሳምንት ሙሉ ያበጠው ልቤ ነው የፈነዳው። ሳሎኑ መሃል ቆሜ ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ።

"ማን ነው እጁን የሚከተው? ዳግመኛ እጅ እንዳይገባበት! እዚህ ቤት መመላለስ ሰልችቶኛል!"

በዓረብኛም አልኩት፣ በአማርኛም ደገምኩት። እትዬ ሸዋአለም ከኩሽና በር ላይ ሆነው አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ርኅራኄ የመሰለ ነገር አየሁ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ኮርቼ ወጣሁ፤ የልቤን የተናገርኩ መስሎኝ እስከ ጀሪፍ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ረቡዕ ግን ኢሃብ "ዛሬ እንግዳ አለባቸው፣ ገንዳዋን አሳምርላቸው" ብሎ ላከኝ። ዕቃዬን ስሸክፍ ኪዳነምሕረት ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ኪዳነምሕረት ከጎናችን ያለውን ክፍል የተከራየች የደሴ ልጅ ናት፤ ጀሪፍ ውስጥ ሙሽራ የሚያዘጋጁ ሱዳናዊት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው የምታየኝ። ፎጣዬን ከቦርሳዬ መዝዛ ልትነክረው ስትል አሸተተችውና ሳቀች።

"አንተ! የማንን ሙሽራ ነው ያጠብከው?"

"ምን ትያለሽ?"

"ይሄ እኮ ዲልካ ነው። ከእህል ዱቄት፣ ከሰንደልና ከሽቶ ቅባት የሚቦካው። ሙሽራዋን ወር ሙሉ ከቤት ሳናስወጣ በዚህ እናሻታለን፣ በእንጨት ጭስ እናጥናታለን። እጄ ስንት ዓመት የሸተተውን እኔ አጣዋለሁ? ይሄ የልጆች ቅባት እንዳይመስልህ።"

የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር በአንዴ መጣብኝ፤ ጭሱ፣ ሴቶቹ፣ የተወረወረው ባልዲ። እና እጅ። ቅባት የነካው እጅ! እንዴት እንደተገናኘን ከእኔና ከእሷ በቀር ማን ያውቃል? አረፋው ሲጠፋ ማን እንደሚጠራ ማን ያውቃል?

"ኪዳኔ፣ ስትጠራኝ ነበር" አልኩ። "ሦስት ጊዜ ጠራችኝ።"

ሳቋን አቆመች። "ታዲያ ምን ተቀምጠህ ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ! ያላ!"

ረክሻው ውስጥ አላህን ስለምን ሄድኩ። አርካዊት ስደርስ በሩ ላይ ባለ ቀለም አምፖል ተሰቅሏል፣ ከውስጥ ሴቶች ከበሮ ይመታሉ። የሥራ ቦርሳዬን አይቶ ማንም አልከለከለኝም። እትዬ ሸዋአለም ግን ገንዳው አጠገብ ደረሱብኝ።

"ገንዳው ደህና ነው። ሂድ" አሉኝ። በአማርኛ።

"እትዬ ሸዋአለም፣ በእናትዎ፣ አንዴ ላናግራት።"

"ምን ልትሰጣት? አጥር የምትዘልበትን እግር?" ድምፃቸው አልጠነከረም፤ ተንቀጠቀጠ። "ባልዲውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤህንም አንብቤዋለሁ። ስማ ልጄ፣ አንተን አልጠላህም። ገና ከበር ስትገባ የማየው ራሴን ነው። ያ ወለል፣ ያ ፍርሃት፣ ያ ሰው ሲያንኳኳ መደበቅ። ከዚያ ያወጣሁትን ሥጋዬን በገዛ እጄ መልሼ ልክተት? ጨካኝ በለኝ፣ ግዴለም።"

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የእሳቸውም ወረደ።

"ሁለት ደቂቃ" አሉ በመጨረሻ። "ጨርሱትና ይለቅላት። ነገር ተንጠልጥሎ ዶሃ አይሄድም። እኔ ከዚህ በር አልነቃነቅም።"

ሩባ ከኋላ ክፍል ወጣች። ቀይ ቶብ ተጠቅልላለች። እጆቿ እስከ አንጓቸው ድረስ በጥቁር ሒና አብበዋል። ያ ሽታ ቀድሟት መጣ፤ ፎጣዬ ላይ የነበረው ያው ሽታ።

"ሩባ፣ ገባኝ። እጅሽ እንደነበር አሁን ገባኝ።"

"አሁን?" አለች። ፈገግ ልትል ሞክራ ከንፈሯ እምቢ አላት። "ስልኬን ወሰዱ። ወረቀት ወሰዱ። ምን ቀረኝ? ውሃው ቀረኝ። ሴቶቹ ሱብሒ ሲሰግዱ እጄን ከተትኩ። ሌላ ሰው ባያውቅ ጀምበሬ ያውቃል አልኩ። ዋላሂ፣ ልቤ ሙሉ ነበር።"

"እኔ ደግሞ ቁልፍ አዞርኩ።"

"አየሁህ። ከመጋረጃው ኋላ አየሁህ። ሐሙስ ቁልፍ ታዞራለህ። ሰኞ ቱቦ ታጥባለህ። እኔ እጠራለሁ፣ አንተ ታስተካክላለህ! ማዕሌሽ፣ ግዴለም አልኩ፣ አልገባውም፣ አንድ ጊዜ ልጨምር አልኩ። ረቡዕ ብዙ ዲልካ አደረግሁ። ረቡዕ ጮህክ። ዳግመኛ እጅ እንዳይገባ አልክ። እዚህ ቤት መምጣት ሰለቸኝ አልክ። ዓረቡ እንዲሰማ በዓረብኛ፣ እኔ እንድሰማ በአማርኛ። መልሱ ይሄ ነው አልኩ።"

"አንቺን አይደለም! አፈር ልብላ ሩባ፣ አንቺን አይደለም! ልጆች መስለውኝ ነው! ስላጣሁሽ ነው የጮህኩት!"

"እኔ ልብህን አላይም፣ ድምፅህን ነው የሰማሁት።"

ከበሮው ከወዲያ ይመታል። አንዲት ሴት እልል አለች። ሩባ ወደ እናቷ አየችና ወደ እኔ ቀረብ አለች።

"ዓርብ አቡይ ክፍሌ ገባ። 'ልጄ፣ ኡበይን ትፈልጊዋለሽ? ካልፈለግሽ አሁን ንገሪኝ፣ አላስገድድሽም' አለኝ። ዋላሂ እንዲህ ነው ያለኝ። እኛ ጋ ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ማለት ነው። ብዙ ጠበቀኝ። ምስኪን፣ እጄን ይዞ ጠበቀኝ።"

"እና?"

"ዝም አልኩ።"

"ለምን ዝም አልሽ? ለምን?"

"ማን አለኝ ብዬ ልጩህ፣ ጀምበሬ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሓጅ ኢዝዲን ጠይቀዋታል። እትዬ ሸዋአለም እንኳ ባልዲውን ቢወስዱ አፏን አልዘጉም። ሩባን ከእኔ የነጠቃት ሰው ብፈልግ፣ ከዚያ ሳሎን መሃል ቆሞ ከጮኸው ቂል በቀር ማንም አልነበረም።

"አሁን እንናገር። አባትሽ ልባቸው ጥሩ ነው፣ አንቺው ነሽ ያልሽኝ። እግራቸው ላይ እወድቃለሁ" አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። "ዓርብ መስጊድ ውስጥ ኒካሑ ታሰረ። አምስት ቀኔ ነው፣ የሰው ሚስት ነኝ። ከጮህክ ማግስት፣ ሐሙስ ብትመጣ፣ ዝም ብለህ ብትመጣ እንኳ፣ ድምፅህን ብሰማ እምቢ እል ነበር።"

ሐሙስ! ሐሙስ ዕለት ሥራ እንኳ አልነበረኝም። ፍራሼ ላይ ተንጋልዬ እሷን ስረግም ነው የዋልኩት።

"ይበቃል፣ ልጄ" አሉ እትዬ ሸዋአለም ከበሩ። ማናችንን ልጄ እንዳሉ አላውቅም።

ሩባ ሒናው ያልደረሰበትን ክንዷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች፤ አንዱ ዓሣ መጥቶ አያት። "ገንዳዋን እንዳትተዋት" አለችኝ። "እኔ ስሄድ አቡይ ብቻውን ነው የሚያያት።" ከዚያ ቶቧን ወደ ፊቷ ስባ ገባች። ከኋላዋ ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፣ የሰው ሚስት እንደሆነች ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት።

ይሄ ከሆነ አራት ወር አለፈው። ዶሃ ደህና ገባች ይላሉ። ኢቃማዬም ወጣልኝ፤ በኪሴ ይዤው እዞራለሁ፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ አሳያለሁ፣ ሌላ ምን ይሠራልኛል? ኪዳነምሕረት "በቃ እርም በል" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ።

ማክሰኞ ሲደርስ ግን አርካዊት እሄዳለሁ። እትዬ ሸዋአለም አሁን በአማርኛ "እንዴት አደርክ" ይሉኛል፣ ያንን ስሰማ ይብስብኛል። መጀመሪያ የማደርገው ኩባያዋን አውጥቼ ማሽተት ነው። ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። አረፋው እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እስከ አናቱ በቀስታ ይወጣል። ቁልፉን ከነካሁት ወራት ሆነኝ። ሓጅ ኢዝዲን ወንበራቸውን አስጠግተው "ማሻአላህ፣ አሁን አስተካከልከው" ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። እንዳልኩትም ሆኗል፤ ዳግመኛ እጅ አልገባበትም።